ከዐለቱ ጀርባ ማን ይቅደም?

ይህ ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተም። የባሕር ዳርቻ ለመጎብኘት ሄደን ተመለስን ብሎ መዝጋትም ይቻላል። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ኦክላንድ የምትኖረው አክስቴ፣ ከደሴ በቅርቡ የመጡትን አማቷን ባሕር ለማሳየት የቀን ጉብኝት ያዘች። ሳን ሆሴ የሚኖሩትን የቤተሰባችንን ወዳጅ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸውን ሽማግሌም ጋበዘች። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሐጂ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ከቆሰለ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ እንደሚችል ሐኪም አስጠንቅቋቸዋል። ልጃቸው መኪናው በር ላይ፣ "የአባዬን እግር አደራ፣ ኦኬ?" አለችኝ።

ሃፍ ሙን ቤይ አካባቢ፣ ውሃው ወደ ኋላ በሸሸበት ሰዓት፣ አስጎብኚያችን አንድ ትልቅ ዐለት አዙራ ወደ ትንሽ አሸዋማ ቦታ አሻገረችን። ውሃው ሲመለስ መንገዱ እንደሚዘጋ ነገረችን፤ ተረጎምኩ። ሐጂና አማቷ እዚያው ዙህር ሰገዱ። ለመመለስ ስንነሳ ማዕበሉ የዐለቱን ሥር መምታት ጀምሯል። መተላለፊያው የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አስጎብኚዋ ቀድማ ተሻግራ በእንግሊዝኛ "አሁን! አሁን!" እያለች ትጮሃለች።

ሦስቱ ግን ቆሙ።

"ሐጂ፣ ይቅደሙ" አለች አክስቴ።

"እንግዳ ቆማ እኔ ልቅደም? ደሴ ቢሰማ ምን ይለኛል?"

"እኔማ የት እንዳለሁም አላውቅ" አሉ አማቷ። "ባላገሩ ይቅደም እንጂ!"

"ባላገሯ እሷ ናት፤ ሲቲዝን የሆነችው" አሉ ሐጂ ወደ አክስቴ እየጠቆሙ።

"ኧረ በአላህ! እርስዎን ቀድሜ የት ልደርስ?"

ውሃው ጫማችን ውስጥ ገባ። "እባካችሁ፣ ማንም ይሁን ይሂድ!" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አክስቴ ገላመጠችኝ።

አማቷ ግን ድንገት፣ "ቆይ፣ ይሄ የቤት ደጃፍ ነው እንዴ? ውሃ አይደል የምንሻገረው? ወንዝ ሲሞላ ማነው የሚቀድመው?" አሉ።

ሐጂ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙና "ጎረምሳው" አሉ።

መቅደም ማለት ለሐጂ እግር ጀርባዬን መስጠት ነበር። ቢሆንም ገባሁ። አማቷ እጄን ያዙ፤ አክስቴ የእሳቸውን እጅ ያዘች። ሐጂ መጨረሻ ሆኑ፤ የከዘራቸውን አንዱን ጫፍ አክስቴ፣ ሌላውን እሳቸው ያዙ። ልንወጣ ስንል ከኋላ ማዕበል መጣ። የአክስቴን ጩኸት ሰማሁ። ሦስታችን ከዘራውን ጎትተን አወጣናቸው።

"ምንም አልሆንኩም" አሉ አሸዋው ላይ ተቀምጠው። አንደኛው ጫማቸው የለም። ነጭ ካልሲያቸው ቀልቷል።

"ወይኔ ሐጂ! ቀድመው ቢሆን!" አለች አክስቴ።

"ቀድሜ ቢሆን አንቺን ይወስድሽ ነበር። አርፈሽ ማሰሪያ ፈልጊ።"

ለልጃቸው የደወልኩት እኔ ነኝ። "ቁስሉ ጥልቅ ነው?" ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አርብ ከክፍል ወጥቼ ሳን ሆሴ ሄድኩ። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ከቁስሉ በፊት ፊቷን አያለሁ። አንድ አርብ ትንሿ ጣታቸው ጠቁራ ተገኘች፤ ሐኪሙም ስለ መቁረጥ አነሳ። ሐጂ "ተርጉምልኝ" አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። "ሌላ መድኃኒት ይሞክር በለው" አሉ። ሞከረ።

ጣቷ ተረፈች። ነርሷ ቁስሉ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ ፋሻ አያስፈልግም ያለችው አርብ፣ ኖቬምበር 14 ቀን ነው።