የዳቦ ቤቱ ባለቤት

ዳቦ ጋጋሪው ሐኪሙ ያለውን ሳያዛባ ለሚስቱ ነገራት። ሃያ ዓመት፣ ዘጠኙን ለሰው፣ አሥራ አንዱን ለራሱ ሲጋግር የሳበው የዱቄት ብናኝ ሳንባውን እየዘጋው ነው፤ ከምድጃው ካልራቀ ዓመቱን መዝለቁ ያጠራጥራል።

«እንግዲያው ዝጋዋ! የራስህ ቤት አይደል?» አለችው።

የራሱ ማለት ከየት እስከ የት እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። ምድጃውንና ማቡኪያውን የገዛው በላቡ ነው፤ ይህ አይካድም። ዱቄቱን ግን በኮታ የሚያቀርብለት አንድ አከፋፋይ ብቻ ነው፤ ከሌላ መግዛት ያስቀጣል። የዳቦው ክብደትም ዋጋውም በንግድ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ተወስኖ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ምጣኔ ሀብት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ በዚያው ጠዋት ዳቦ ሊገዙ መጡ።

«ካፒታሊስቱ! ፊትህ ምነው? ትርፉ ከበደህ?»

«ልዘጋው ነው፣ ጋሼ።»

መምህሩ ዳቦውን በወረቀት መጠቅለላቸውን ተዉት። «እስቲ ልጠይቅህ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንዴ እንኳ ዋጋ ቆርጠህ ታውቃለህ?»

«እኔ የምቆርጠው ዳቦ ነው።»

ሳቁ፤ ወዲያውም ኮስተር አሉ። «አየህ፣ ምድጃው ያንተ፣ ውሳኔው የሌላ። ይሄን ካፒታሊዝም ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ ቢኖረኝ ዜሮ ነበር የማከናንበው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን ሠላሳ ዓመት አስተምሬም አላገኘሁት። ለመዝጋት የማንን ፈቃድ እንደምትጠይቅ ሂድና እየው፤ ያን ጊዜ ስሙን አንተ ትነግረኛለህ።»

የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ሠራተኛ ፋይሉን ገልጣ ብዙ አየችና፣ «አባቴ፣ ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም» አለችው።

«ታዲያ ማነው? ጎረቤቴ?»

ቅጹን አዙራ አሳየችው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ «የባለቤት ስም» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ፣ በጥንቃቄ በተለቀመ ፊደል የሚስቱን ስም እስከ አያቷ ጽፎበታል። ባለትዳር ሰው ባለቤትህ ማን ናት ሲባል ሌላ ምን ይመልሳል? የራሱን ስም ያሰፈረው ከታች፣ «አመልካች» በሚለው ሥር ነው። በየዓመቱ ሲያሳድስም ልብ ያለው አልነበረም።

በማግሥቱ ሁለቱም ሄዱ። ሚስቱ ስሟን አንብባ ሳቋ መጣ።

«እና ይህን ሁሉ ዓመት ተቀጣሪዬ ነበርክ በለኛ!»

«እንግዲያው ዕረፍት ስጪኝ፣ እመቤቴ» አላት፤ ቀልዱን ሳይጨርስ ሳል ያዘው።

የመዝገብ ሠራተኛዋ አልሳቀችም። ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። የኮታ ዱቄት የሚወስድ ዳቦ ቤት መጋገር ካቆመ ይታሸጋል። ከጀርባው የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎችም በአንድ ካርታ ስለተመዘገቡ አብረው ይታሸጋሉ። ምድጃው ላይ መቆም የሚችለውም ስሙ በፋይሉ ላይ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው። ማስተላለፍ የሚቻለው ለአከፋፋዩ ብቻ ነው፤ አከፋፋዩም የሚረከበው ነባሩ ጋጋሪ ሁለት ዓመት ምድጃው ላይ ለመቆየት ከፈረመ ነው።

«ሁለት ዓመት?» አለች ሚስቱ። «ሐኪሙ አንዱንም አልሰጠው!»

«እኔ የተጻፈውን ነው የማነብላችሁ፣ እናቴ።»

ከኋላቸው የተሰለፈው ባለጉዳይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለቤቷ ራሷ ብትጋግርስ?» ስትል ሚስቱ ጠየቀች።

ሠራተኛዋ ገጹን ገለበጠች። «እሱን የሚከለክል የለም።»

ባልየው ክንዷን ጨበጠ። «አይሆንም! ብናኙ ላንቺ የሚራራ መሰለሽ?»

«የኔ ሳንባ ገና ነው፤ ያንተ አልቋል። ሌላ መንገድ ካየህ ንገረኝ።»

አላየም። ሌላ አንቀጽ ይኖር እንደሆነ ብሎ ቀና ሲል፣ ሠራተኛዋ ፋይሉን ዘግታ ቀጣዩን ባለጉዳይ እየጠራች ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ዳቦ ቤቱ ገባች። እሱ ከበሩ መስታወት ውጭ ቆመ። ከንጋት ጀምሮ የነገራትን ሁሉ፣ የሊጡን ውሃ፣ የምድጃውን ሙቀት፣ አንድ በአንድ አስተካክላ ሠራች። የዱቄቱን ከረጢት ግን ከሥሩ ስታነሣው ስፌቱ ተተረተረ፤ ነጩ ብናኝ ተነሥቶ እስከ ዐይኗ ሸፈናት። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባ። እሷ በጭጋጉ ውስጥ ሆና መዳፏን ዘረጋችበት፤ አትግባ ማለቷ ነው። እግሩን መለሰና በሩን ከውጭ፣ ብናኙ እንዳይከተለው፣ ጥብቅ አድርጎ ዘጋባት።