መዋስና መውሰድ

ልጅ እያለሁ፣ ጣሊያን በሸዋ ሮቢት በኩል መንገድ በሚሠራበት ዘመን፣ ዳለቻ የምንላት አንዲት አህያ ነበረችን። አባቴ ሞቶ ስለነበር ማሽላውን ከአውድማ ወደ ቤት የምታጓጉዝልን እሷ ብቻ ነበረች። የዚያ ዓመት ማሽላ ተወቅቶ ገና ሳይገባ ጋሼ ሙህዬ አንድ ወታደር አስከትሎ መጣ። ጋሼ ሙህዬ የመንደራችን ሰው ነው፤ ለጣሊያኖቹ ያስተረጉም ነበር።

«ዘሀራ እህቴ» አላት እናቴን፣ «አህያሽን ለድንጋይ ማመላለሻ ሊዋሱሽ ነው። ወላሂ፣ ለጁምዓ ትመለሳለች።»

በእኛ ቀዬ አህያ የሚያውስ ሰው የአንድ ቀን መኖዋን አብሮ ይሰጣል፤ የተዋሰው ደግሞ አጥግቦ ይመልሳል። እናቴ አንድ እቅፍ የማሽላ አገዳ አስራ ጫነችባት።

«ጭነት ሲበዛባት ትተኛለች፤ እንዳይመቷት ይንገሩልኝ» አለችው።

እኔ ገመዱን አለቅም ብዬ ሳለቅስ እጄን መታችኝ። ወታደሩ አገዳውን እያየ ይስቅ ነበር።

ጁምዓ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። እናቴ እኔን ይዛ ወደ ጣሊያኖቹ ካምፕ ወረደች። ጋሼ ሙህዬ በሩ ላይ ቆሞ ከት ብሎ ሳቀ።

«ምነው ዘሀራ፣ ልጅ ሆንሽ እንዴ? ጣሊያን ወስዶ የመለሰው ምን አለ?»

«ታዲያ ሊወስዱ ነው አይሉኝም ነበር?»

«ብልሽማ ይዘሻት ወንዝ ለወንዝ ትጠፊ ነበር!»

እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት ዞረች። ማሽላውን በጀርባዋ አመላለሰችው፤ ግማሹን ወፍና ምስጥ ቀደማት። ጀርባዋ ከዚያ ወዲህ ቀንቶ አያውቅም።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ቦሮው» እና «ቴክ» የሚሉ ሁለት ግሦች ጽፈው ልዩነታቸውን ጠየቁን። ተማሪው ሁሉ «የተዋሰ ይመልሳል፣ የወሰደ አይመልስም» አለ። እሳቸውም ልክ ነው አሉ። እኔ እጄን አውጥቼ አይደለም አልኩ። ሊወስድ የመጣውን እንደበቀዋለን፣ እንታገለዋለን፤ ሊዋስ ነው ለተባለው ግን ገመዱን በገዛ እጃችን እናቀብለዋለን፤ ልዩነታቸው እዚያ ላይ ነው አልኩ። ጮኬ ኖሯል፤ ከክፍል አስወጡኝ።

የወታደሩን ፊት ረስቼዋለሁ። ጋሼ ሙህዬን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

አሁን የጎረቤት ልጅ ወንፊት ልትዋስ ስትመጣ፣ በእናቴ ጊዜ ነውር የነበረውን፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ከአፏ አውጥታው የማታውቀውን እጠይቃለሁ፦ «መቼ ትመልሺዋለሽ?» አንዳንዷ ትቀየምና ባዶ እጇን ትመለሳለች። ልጠራት እፈልጋለሁ። አልጠራትም።