በረዶው ላይ የቀሩ ክቦች

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከዚያም የባሰ። ይህን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት ለእናንተ መጻፍ የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ወይም ፈሪ ስለሆንኩ ነው። የቱ እንደሆነ እኔም አለየልኝም።

እትዬ ጥሩነሽ የወንድሟን መርዶ ብቻዋን፣ በስልክ እንድትሰማ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ በረዶው ነው ይላል። እሷም በረዶው ነው ትላለች። በረዶው አይደለም።

የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ አትላንታ ከገባን ገና ብዙ አልቆየንም። ስኮትዴል ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ነበረችኝ፣ ደንዉዲ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ ደግሞም ማንም የሚቀልድባት ሁለት በር ያላት አሮጌ ስፖርት መኪና ነበረችኝ። ክላቿን ራሴ ቀይሬዋለሁ፤ ከላይብረሪ በተዋስኩት መጽሐፍ እየተመራሁ። ማንም አላስተማረኝም። መኪናዋን የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው፤ ክብደቷ ያለው ግን አፍንጫዋ ላይ ነው። ስለዚህ መሬቱ ሲያንሸራትት ቤንዚን ከበዛባት ኋላዋ ፊቷን ልቅደም ይላል። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። በረዶ ላይ ነድቼ ግን አላውቅም፤ አትላንታ በረዶ የሚጥለው ስንቴ ነው?

ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ እስከ እሑድ አጥቢያ ጣለ። በዚያው ቅዳሜ ዋሽንግተን ያለው የእትዬ ጥሩነሽ አጎት ልጅ ለጋሽ ተክሌ ደወለ። ታናሽ ወንድሟ ሙሉጌታ አገር ቤት ታሞ አርፏል። ጋሽ ተክሌ የሁላችንም ሽማግሌ ነበሩ፤ ቤታቸው ከእኔ ሕንፃ ዝቅ ብሎ ነው። እሳቸው ዘንድ ተሰበሰብን። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ለማንም ማስታወስ አላስፈለገም። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ስትወድቅ የምትይዛት ሴት ትሄዳለች፣ በማለዳ፣ ገና ለሥራ ሳትወጣ። ጋሽ ተክሌ ለአጎቷ ልጅ መልሰው ደውለው፣ «ነገ ጠዋት እናረዳታለን፤ አንተ ከቅዳሴ በኋላ ደውለህ አጽናናት» ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እትዬ ጥሩነሽ የምትኖረው ኮሌጅ ፓርክ ነው፣ ከምትሠራበት ሆቴል አጠገብ። ማን ይንዳ ተባለ።

«የእኔዋ የፊት ጎማዋ ነው የሚስባት» አለ ታደሰ፣ ከመሃላችን ሌላው ባለመኪና። «ማን ነው በስፖርት መኪና በረዶ ላይ የሚወጣው? ሾው ኦፍ! ታይታ ነው!»

«ያቺ መኪናህ ለዓይን ናት እንጂ ለበረዶ ትሆናለች እንዴ?» አሉኝ ጋሽ ተክሌ።

«ትሆናለች ጋሼ። አውቃታለሁ።»

እትዬ አስካለ፣ ልትይዛት የተመረጠችው፣ ከኀዘኑ መሃል ሳቅ አመለጣት። «መግባቱስ ይሁን፣ ማን ሊያወጣኝ ነው? እንደ ሻንጣ ጎትታችሁ ታወጡኛላችሁ!»

ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ፤ በዚያ ምሽት ግን ተናገርኩ። ኋላዋ ላይ አሸዋ እጭናለሁ አልኩ፣ በሁለተኛ ማርሽ እነሳለሁ አልኩ፣ ፍሬን አልነካም አልኩ። አመኑኝ። ታደሰ ቁልፉን ኪሱ መልሶ ከተተ።

ሲነጋ ወረድኩ። አሸዋውን ጫንኩ፣ መስታወቱን ጠረግሁ፣ ሞተሩን አሞቅሁ። ጊዜ ነበረኝ። ከሕንፃችን ጀርባ የተዘጋ የዕቃ ቤት ሰፊ ፓርኪንግ አለ፤ ነጭ፣ ማንም ያልረገጠው። አንድ ጊዜ ልሞክራት አልኩ። ሰው ጭኜ ከመሄዴ በፊት መሞከር ተገቢ ነው፤ ይህን አሁንም አምናለሁ።

መሪውን አጥፌ ቤንዚን ስሰጣት ኋላዋ ሄደ። መሪውን ወደሚንሸራተትበት ወገን መለስኩት፤ መሬት ያዘች። በመጽሐፉ እንዳለው። ደግሜ ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ አለቀቅኋትም፤ ሙሉ ክብ አዞርኳት። ድምፅ የለም። ጎማ አይጮህም፣ መንገዱ አይንኳኳም፣ ዓለም በመስኮቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይዞራል። ስጨፍር ያየኝ ሰው የለም፣ ሠርግ ላይ እንኳ ጥግ ነው የምቀመጠው። በዚያ ጠዋት ግን ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር።

ሰዓቴን አይቻለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ። ተዘናግቼ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! አልተዘናጋሁም። አየሁት፣ ጋሽ ተክሌ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ እንደሚጠብቁኝ አውቅ ነበር፣ ዋሽንግተን ቅዳሴው ወደ ማለቁ እንደሆነ አውቅ ነበር፣ አንድ ዙር ብቻ አልኩና ዞርኩ። እንደገና አየሁት። እንደገና ዞርኩ።

ለምን? ጨዋታው ጣፍጦኝ ነው? ወይስ ያንን ደረጃ ወጥቼ፣ በሯ ሲከፈት ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው? አንዳንድ ቀን ፍርሃት ነው እላለሁ፤ ፍርሃት ከጨዋታ ይሻላልና። ከዚያ ደግሞ ያ ሳቅ ትዝ ይለኛል። የፈራ ሰው እንደዚያ ይስቃል? ብነግራችሁ በወደድኩ፤ አላውቅም።

ጋሽ ተክሌ በር ላይ ነበሩ፤ እትዬ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገባቸው ቆማለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?»

«ተይዤ ነበር ጋሼ። ጎማው መሬት አልይዝ ብሎ።»

«እንኳን ተረፍክ!» አሉ። ይህን ነው ያሉት።

ወደ ሃይዌይ ስንወጣ በፓርኪንጉ በኩል አለፍን። ጋሽ ተክሌ በመስኮቱ አዩ። «ማነው ይሄ እብድ? በሬ ያበራየበት አውድማ አስመሰለው እኮ!»

«የሰፈር ጎረምሶች ይሆናሉ» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ ክብ ወጥቶ ወደ እሳቸው በር የሚሄደው የጎማ ፈለግ አንድ ብቻ ነበር። አይተውት ይሆን? እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተንሸራተተችም። ሃይዌዩ ላይ ሰው ጥሎ የሄዳቸው መኪናዎች ተገትረው ነበር፤ በመሃላቸው ቀስ እያልኩ አለፍኩ። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ ጋሽ ተክሌ። መንዳት እችል ነበር። ለዚህ ነው ማመካኛ የሌለኝ።

ስንደርስ እትዬ ጥሩነሽ ውጭ ነበረች። ደረጃው ሥር፣ በሆቴሉ ዩኒፎርም፣ በቤት ነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ቆማ። አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ጎረቤት ብርድ ልብስ ጣል አድርጋባት እጇን ይዛ፣ «ኦኬ ሃኒ፣ ኦኬ» ትላታለች። ለምን እንደምታለቅስ አልገባትም፤ የሚያስረዳላት ሰው የለም። የአጎቷ ልጅ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ እንደተባለው ደውሎ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ጀመረ። «በማን?» አለችው። «አልነገሩሽም እንዴ?» አላት። ስልኩን ጥላ ሰው ፍለጋ ወጣች።

እትዬ አስካለ ያለማንም ጎታች ከመኪናው ወጥታ ሮጠች። እትዬ ጥሩነሽ በእሷ ትከሻ ላይ ሆና አየችኝ።

«መጣችሁ? በዚህ በረዶ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየለቅሶውና በየክርስትናው ታወራዋለች። «በዚያ በረዶ፣ በዚያች መኪና፣ ይሄ ልጅ ነፍሱን አስይዞ ደረሰልኝ» ትላለች። ሰው ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት እጥላለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። መኪናዋን ሸጥኳት፤ ያንን ቀን እያሰበ ፈራ ተባለ።

አሁን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሙሉጌታ ብላዋለች። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ ሕፃኑን እቅፌ ላይ አስቀመጠችው። «የክርስትና አባቱ አንተ ነህ። ሌላ ማንን ላደርግ?» አለችኝ። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ልጁ ጣቴን ይዞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብነግራት ለማን ብዬ ነው፣ ለእሷ ወይስ ለራሴ? የያዘችውን መልካም ትዝታ ነጥቄ ሌላ መርዶ ልሰጣት ነው። ባልነግራት ደግሞ ልጇን በውሸት እጅ ክርስትና ላነሣው ነው። ሁለቱም ጥፋት ይመስለኛል። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ቅጣቴ ይቅለልልኝም አልልም።

አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ፤ ይህን በስልክ አትሰማውም። ጋሽ ተክሌን ሄጄ እትዬ አስካለን ይዘው አብረውኝ እንዲመጡ እለምናቸዋለሁ፤ የምትይዛት ሴት ያስፈልጋታል። በማለዳ እንሄዳለን፣ ያኔ መድረስ በነበረብኝ ሰዓት። በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ።