አዲሱ አምፖልና ነጭ ነጠላዬ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሚኒባሱን ደጃፌ ላይ አቁሞ የፊት መብራቱን ሲፈታታ ዋለ። ከባሕር ዳር አዲስ አምፖል ገዝቶ መጥቷል፤ ብርሃኑ ነጭ ነው፣ በቀን እንኳ ዓይን ይወጋል። እኔ በረንዳው ላይ ሽምብራ እየለቀምኩ አየዋለሁ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ “እማማ፣ እስኪ መንገዱ ላይ ውጪና ከመኪናው ፊት ቁሚልኝ፤ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍ ልየው” አለኝ። ልጁ ምን ያውቃል። እኔ ግን ብድግ ስል ሽምብራው ከጭኔ ላይ መሬት ተበተነ።

እኔ ወጣት ሳለሁ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ይህች የምንኖርባት ወረታ ማለት ከጎንደር ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ዳር የተደረደሩ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ዛሬ ፎገራን የሞላው ሩዝ በስሙም አይታወቅም፤ ያለን ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያና ከብት ነው። ክረምቱ ሲበረታ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ይይዙታል። ከውሃው በላይ የሚቀረው ጣሊያን ደልድሎት የሄደው የመኪና መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ የአገሩ ከብት ሁሉ መንገዱ ላይ ያድራል፣ እረኛውም ገሣውን ደርቦ አብሮ ያድራል። ሾፌር ይሳደባል፣ ጥሩምባ ይነፋል፤ የፎገራ በሬ ግን ደረቅ መሬት ካገኘ ንጉሥ ቢመጣም አይነሣለትም።

ባሌ ደምሴ አሮጌ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የመኪናው የፊት መብራት ከኩራዝ አይሻልም። በክረምት ሲመሽበት የዚያ መንገድ ሾፌሮች ሁሉ የሚያደርጉትን ያደርጋል፤ ነጭ የለበሰ ሰው ከፊት ያስቀድማል። ቀዳሚው ከብቱን እያስነሣ፣ ጎርፍ የበላውን የመንገድ ጠርዝ በእግሩ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ሾፌሩ ነጩን ልብስ እያየ ቀስ ብሎ ይከተላል። ደምሴ ይህን ነገር እንደ ውርደት ነበር የሚቆጥረው። “ሞተር ይዤ ከሰው ኋላ ልኳትን?” ይላል። ኩሩ ነበር። እኔም የወደድኩት ለዚያ ኩራቱ ነው፣ ምን ላድርግ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ልጃችንን ውቤን ንዳድ ያዛት። ገና መዳህ መጀመሯ ነበር። ጠዋት ጡት እምቢ አለች፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ይገለበጥ ጀመር። አማቴ እመት ጥሩ ግንባሯን ዳሰሱና፣ “ይህ የቤት መድኃኒት የሚመልሰው አይደለም፤ ጎንደር ሐኪም ቤት አድርሱልኝ” አሉ። እንደ ዕድል ሆኖ ደምሴ ከነመኪናው ቤት ነበር። ዕድል ከተባለ።

ጎረቤታችን ነጋዴው ሰይድ ያን ሰሞን ከአስመራ ሲመለስ ኃይለኛ አምፖሎች አምጥቶለታል። ገና ከወረቀታቸው አልወጡም። ደምሴ መፍቻውን ይዞ ወጣ።

“በነበረው እንሂድ እንጂ፣ ገና ብርሃን ነው” አልኩት።

“መንገድ ላይ ይመሽብናል። በነበረው መብራት ከብት ላይ ነው የምወጣው። ይህን ላስገባው ብቻ፣ ከዚያ እንበራለን።”

ሰይድ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። “ደምሴ፣ ሻጩ ‘ሽቦው በወፍራም ካልተለወጠ አይችለውም’ ብሎኛል። ለሌላ ቀን ብታቆየው?” አለ።

“ዛሬ ካልሆነልኝ ለመቼ ሊሆነኝ ነው?” አለ ደምሴ፣ ቀና ብሎም አላየው።

አምፖሉ እንደ በራ ወዲያው ጠፋ፤ ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። ደምሴ የሲጋራውን ፓኮ ቀደደና በውስጡ ያለውን ብርማ ወረቀት ፊውዙ ላይ ጠቀለለበት። ይህም የሾፌሮቹ ሁሉ ዘዴ ነበር፤ ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል መሆኑን የሚያስብ አልነበረም። አሁን ብርሃኑ ወጣ። እስከ ሰፈሩ ዳር ያለው አጥር ሁሉ ወለል ብሎ ታየ፣ ሴቶቹም ወጥተው እልል አሉ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ውቤን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ስንነሣ ሊመሽ ነበር። ረዳቱ ወላጆቹን ሊጠይቅ አንበሳሜ ከተማ ሄዶ ስለነበር ጋቢናው ውስጥ ደምሴ፣ እመት ጥሩና ውቤን የታቀፍኩት እኔ ብቻ ነን። መንገዱ እንደዚያ ታይቶኝ አያውቅም። የከብቱ ዓይን ከሩቅ ያበራል፣ ሁለቱን ወገን የያዘው ውሃ ያብረቀርቃል። ደምሴ ያፏጫል። የርብን ድልድይ አልፈን ጥቂት እንደሄድን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ። ደምሴ ሽቦውን በባዶ እጁ መንጭቆ በጠሰው፤ መዳፉ ተላጠ። ዓለም ጨለመ።

ሞተሩ የናፍጣ ነው፣ ያለ ኤሌክትሪክም ይሠራልና አልጠፋም። ያልነበረን ብርሃን ነው። ደብዛዛውን አሮጌ መብራት እንኳ የሚመልስልን ሽቦ አልቀረም። ለእጅ ባትሪው ድንጋይ እገዛለሁ እያለ ነበር ክረምቱን የገፋው። ካፊያ ይጥላል፣ ውቤም ታቃስታለች። ደምሴ መሪው ላይ ተደፋ። እመት ጥሩ እግራቸው አይችልም። ነጭ የለበስኩት እኔ ነኝ።

“ልጄን ይያዙልኝ፣ እምዬ” አልኩና ወረድኩ።

ነጠላዬን ከራሴ እስከ ወገቤ ዘርግቼ ከመኪናው ፊት ሄድኩ። ከኋላዬ ሞተሩ ያጓራል። ጭቃው ጫማዬን ወሰደው። ከብቱን በእጄ እየመታሁ፣ እየለመንኩ፣ እያለቀስኩ አስነሣለሁ። መዞር ፈልጌ ነበር፤ ግን በዞርኩ ቁጥር ደምሴ ይቆማል፣ ስለዚህ መዞር ተውኩ።

አንድ እረኛ ከገሣው ሥር ብድግ አለ። “ማነሽ አንቺ?”

“የታመመች ልጅ ይዘን ነው፣ ወንድሜ።”

“እግዜር ይማርልሽ።” ላሞቹን በበትሩ ገለል ገለል አደረገና በቅል ወተት ሰጠኝ፤ አሁን የታለበ፣ ሙቅ ነው። ወደ ጋቢናው ሮጬ ለእመት ጥሩ አቀበልኳቸው። በጨለማው ፊታቸው አይታየኝም። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ።

“ተኝታለች። ስትነቃ አቀምሳታለሁ፤ አንቺ ሂጂ” አሉኝ።

ተኝታለች ሲሉኝ እግሬ ቀለለኝ። አምላኬን እያመሰገንኩ ሄድኩ።

የይፋግ መገንጠያ ስንደርስ ጎንደር የሚሄድ መኪና ቆሞ፣ ሰዎች በፋኖስ ሲያወሩ አየን። ደረስን ብዬ ልጄን ላወርድ ወደ ጋቢናው ሮጥኩ። አንዱ ሰውዬ ፋኖሱን ወደ ጋቢናው ከፍ አደረገልኝ። ቅሉ በእመት ጥሩ ጉልበት ላይ ነው። ወተቱ እስከ አፉ ሙሉ ነው። የውቤ ፊት በነጠላቸው ተሸፍኗል።

“መቼ ነው?” አልኳቸው።

“ወተቱ ሳይመጣ።” ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ብነግርሽ እዚያው ትቀመጫለሽ። አንቺም ልጄም ውሃ መሀል ትቀሩብኛላችሁ” አሉ።

ደምሴም አላወቀም ነበር። ዓይኑ ከእኔ ነጠላ አልተነቀለም። እውነታቸውን ነው፣ እዚያው እቀመጥ ነበር። ግን ልጄ የሞተችው እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ለሞተች ልጅ ወተት ለምኜ፣ አምላክን ሳመሰግን ነው። ይህን የሚያስረሳ ነገር በዚህ ዕድሜዬ አላገኘሁም፤ አለ የሚለኝም ይዋሻል።

ደምሴ ሽቦውን ካስጠገነ በኋላ አሮጌዎቹን አምፖሎች መለሰ። እስኪሞት ድረስ ከፊቱ ሰው እያስቀደመ ነዳ፤ አንድም ቀን አፉን ከፍቶ ስለ ውቤ አላነሣም። እመት ጥሩም ከዚያ ወዲህ ወተት አልቀመሱም። እኔ ሌሎች ልጆች ወለድኩ፣ አሳደግኩ፣ ሰውም ተጽናናች አለኝ።

“እማማ፣ ምን ሆንሽ?” አለ የልጅ ልጄ፣ ሽምብራውን እየለቀመልኝ።

“ሽቦው ይህን አምፖል ይችለዋል?”

“ይችላል፤ ለዚህ መኪና የተሠራ ነው።”

“ፊውዙንስ?”

“አልነካሁትም።”

መንገዱ ላይ ወጥቼ ከሚኒባሱ ፊት ቆምኩለት። ገብቶ አበራው።

“ዙሪ እንጂ እማማ፣ ዓይንሽን ይወጋሻል” እያለ ጮኸ።

“ይውጋኝ” አልኩት። ከብርሃኑ ኋላ ያለው ጋቢና ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ማን እንዳለበት አይለይም። ፊቴን ወደዚያው አድርጌ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እስኪያጠፋው ድረስ ቆምኩ።