አባባ፣ ግሪኮቹና የሐምሌ ወበቅ

አባቴን የገደልኩት ላስደስታቸው ብዬ ነው። ሰው ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ይለኛል። ይበል። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

አባባ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ሲያጥቡ፣ መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሰው። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የገበያ ማዕከል አጠገብ ወደምኖርበት አፓርትመንት መጡ። እንግሊዝኛው አይገባቸው፣ ሥራ የለ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ፓርኪንጉን ያያሉ። አገር ቤት ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር» ይላቸው እንዳልነበር፣ እዚህ የገዛ ክኒናቸው ላይ የተጻፈውን እንኳ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ።

የምንጣላው በኤሲ፣ በቤቱ ማቀዝቀዣ ነው። እኔ ከሥራ ገብቼ ሳበራ፣ እሳቸው ተነሥተው ሲያጠፉ።

«ላብ ላይ ብርድ! ልትገድዪኝ ነው? ብርድ በገንዘብ የሚገዛ ሕዝብ እዚህ አየሁ!»

እኔም አፌ አያርፍም። «አባባ፣ ይኼ የሰፈር ወሬ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም» እላቸዋለሁ። ይከፋቸውና ወደ መስኮታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ዓመት፣ ብርዱ ሊያልፍ ሲል፣ ለነርሲንግ ትምህርቴ የሕክምና ታሪክ ክላስ ወሰድኩ። የጀመርነው ከጥንት የግሪክ ሐኪሞች ነበር። በሽታ ከወቅት ጋር ይመጣል ባዮች ናቸው። የብርድ ወራት አክታ ያበዛል፣ የሙቀት ወራት ሐሞት ያነሣል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ድንገተኛው ለውጥ ነው፣ ከሙቀት ወደ ብርድ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት። እራት ላይ ይህን ሳወራላቸው አባባ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡ።

«ይኼ የነሱ መጽሐፍ ላይ አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«እንዲህ ነዋ! እኔስ ምን ስል ኖርኩ?»

አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰዎች ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ የአጎታቸው ልጆች ይመስል «ግሪኮቹ እንዲህ ብለዋል» እያሉ ያስተምሯቸው ጀመር። ምስክራቸው እኔ ነኝ። ደብተሬ ላይ ግን ሌላም ነገር ነበረ፤ ሐኪም ወደማያውቀው ከተማ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የዚያን አገር ነፋስ፣ ውሃና ፀሐይ ያጥና የሚል። የዚህ አገር ሙቀት ያገር ቤቱ አይደለም ማለት ነበር፤ እሱን አልነገርኳቸውም። ገና አሁን ሰው ሆነው፣ ለምን ደስታቸውን ልንጠቅ? ከዚያ ወዲያ ኤሲውን ማብራት ተውኩ።

የዚህ አገር ሐምሌ ወበቁ ያፍናል። ያን ሳምንት ሬዲዮው ደጋግሞ ሽማግሌዎቻችሁን ጠብቁ ይል ነበር። ከምሠራበት ሆቴል በምሳ ሰዓት ኮል አደረግኩላቸው።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ ያብሩት።»

«ግሪኮችሽ ምን አሉ?» ብለው ሳቁብኝ።

ድምፃቸው ደከም ያለ ነበር። ሰምቼዋለሁ። እኔም ሳቅሁ። ወይ ነዶ! ሳቅሁ እኮ። «እሺ፣ በሉ ውሃ ይጠጡ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አባባ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሹራባቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ መስኮቱ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ፎጣ ወትፈውበታል። ጠራኋቸው፣ ደግሜ ጠራኋቸው። ከዚያ አምቡላንስ ጠራሁ።

ሆስፒታል፣ መሞታቸውን የነገረኝ ሐኪም «ቤታችሁ ኤሲ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈው።

በማግስቱ ቤቱ በለቅሶ ሰው ሞላ። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ብርዱ ሊመታን ነው፤ እስቲ አጥፊው» አሉኝ። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

«አይጠፋም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

የሚያለቅሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ፤ እሳቸው ምን አጠፉ? መኝታ ቤት ገብቼ የአባባን ብርድ ልብስ ካልጋቸው ላይ አንሥቼ አመጣሁና እኚያን እናት አለበስኳቸው። ኤሲውን ግን አላጠፋሁም።