አንድ ማሊያ ለሁለት

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጉሙ ከላሊበላ በላይ ካለው ከአሸተን ተራራ ወርዶ ደጃችን ድረስ በሚመጣበት ሰሞን፣ የልጅ ልጄ ታኬታዋን በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በነጠላ ጫማ ትወጣ ነበር። ድንጋዩ ጥርሱን ይጨርስብኛል ብላ ሜዳው ጋ ስትደርስ ነው የምታጠልቀው። እኔም ጋቢዬን ደርቤ፣ በትሬን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?» ትለኛለች።

«ልጫወት ነዋ» እላታለሁ።

የከተማችን የሴቶች ቡድን የሚጫወተው በመጨረሻው ምድብ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው «ከእኛ በታች መሬት ብቻ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። ሲሸነፉም ሲያሸንፉም ሜዳው ዳር የሚቆመው ያው ጥቂት ሰው ነው። ቢሆንም ያ ክረምት ሲመጣ፣ ለአዲሱ የውድድር ዓመት ሲዘጋጁ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የወጣሁበት ማለዳ በዕድሜዬ ብዙ የለም።

እኔ ልጅ ሳለሁ የገና በዓል ሲደርስ ወንዶቹ ሩር እየመቱ ሲራወጡ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እናይ ነበር። አንድ ዓመት ሩሯ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ ተንከባልላ እግሬ ሥር መጣች። በእግሬ መለስኳት። ከወንዶቹ አንዱ «ሴት ነክታታለች፤ ሌላ አምጡ» አለና ጨዋታው ቆመ። ምን እንዳጠፋሁ የነገረኝ የለም። ማታ አባቴን ስጠይቀው ሳቀብኝ እንጂ አልመለሰልኝም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያቺ ጥያቄ ግን ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ አብራኝ ኖራለች።

አሠልጣኙ ከደሴ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ከሜዳው አስነስቶ በከተማው መሐል እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ ከዚያም ወደ ሜዳው ያስሮጣቸዋል። እሱ ስልኩን ይዞ ሜዳው ላይ ሰዓት ይቆጥራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ልጆች ግማሽ መንገድ ላይ ከግንብ ሥር አርፈው፣ ሌሎቹ ሲመለሱ ተቀላቅለው ገቡ። እኔ አይቻቸዋለሁና አሠልጣኙ ፊት ተናገርኩ። ልጆቹ ቢያጉረመርሙም እሱ ወደደው።

«እማማ፣ መዞሪያው ላይ ይቁሙልኝ» አለኝ።

እኔም ከቤቴ ባቄላ ቋጥሬ ዳገቱ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መዞሪያው ጋ ለደረሰች ሁሉ አንዲት ፍሬ እሰጣታለሁ፤ ባቄላ ይዛ ያልተመለሰች አልሮጠችም ማለት ነው። አንዷ ብልጥ ከቤቷ ባቄላ በኪሷ ይዛ መጣች። አሠልጣኙ ሲያሳየኝ «ይህቺ የኔ አይደለችም» አልኩ።

«ባቄላዎን በመልኩ ያውቁታል?» ብላ ሳቀች ልጅቱ።

«የራሴ ማሳ ነው ያበቀለው። ያንቺ የገበያ ነው፤ ነቀዝ በልቶታል።»

ሜዳው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ያጭበረበረች የለችም።

ጳጉሜን ሲገባ አሠልጣኙ ለምዝገባ ሃያ ልጆች መምረጥ ነበረበት። አሥራ ዘጠኙ ማሊያቸውን ወሰዱ። የቀረችው የግራ ተከላካይዋ ማሊያ ነበረች፤ ለእሷ ደግሞ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ የኔዋ ናት። ሌላዋ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ አክስቷ ቤት አርፋ ትማራለች፣ ዝምተኛ ናት፣ ስትሮጥ ግን መሬቱን የምትነካው አይመስልም። አሠልጣኙ በኳስ ሊለያቸው አልቻለም። «እንግዲህ ሩጫው ይለያችሁ፤ ቀድማ የገባች ትወስዳለች» አላቸው።

በማግስቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። የገበሬዋ ልጅ ቀድማ ደረሰች። ባቄላዋን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ዞረች። የኔዋ ከኋላ፣ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ባቄላዋን ከእጄ ነጥቃ ወረደች። «አይዞሽ» አልኳት። አያት ነኝ።

ከዳገቱ በታች የመውረጃው መንገድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልፋል። የኔ ዓይን ለሩቅ አልደከመም። የገበሬዋ ልጅ ደጁ ጋ ስትደርስ ቆመች። አማተበች፤ ሦስት ጊዜ ሰገደች፤ ጎንበስ ብላ የደጁን ድንጋይ ሳመች። በሰላም የምትሄድ እንጂ የምትሽቀዳደም አትመስልም ነበር። የኔዋ እየሮጠች አማተበችና አለፈቻት።

እኔ በትሬን እየተመረኮዝኩ ሜዳው እስክደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። የልጅ ልጄ ማሊያዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ እየዘለለች መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ያቺኛዋ ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም።

እኔም አልተናገርኩም። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። በየደጁ ስለ ፍርድ የምጮኽ ሴት፣ ያን ቀን አፌን ዘጋሁ። የልጅ ልጄ ማሊያዋን አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው፤ ጉም ስለነበር አልደርቅ ብሎ ሁለት ቀን እዚያው ዋለ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነስቼ አሠልጣኙ ዘንድ ሄድኩ።

ያየሁትን ነገርኩት። ሰምቶኝ ራሱን አከከ።

«እማማ፣ እንድትቆም ያዘዛት የለም። የእርስዎም ልጅ አማትባ ነው ያለፈችው። ኃጢአት አልሠራችም።»

«ኃጢአት ሠራች መቼ አልኩ? አንተ ማን ይፈጥናል ነው ያልከው ወይስ ማን ደጅ ይሳለማል?»

«ማን ይፈጥናል ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው አላወቅህም። ያቺ ልጅ ቆማ ነው የተቀደመችው። እሷ ባደገችበት አገር ደጅ በሩጫ አይታለፍም፤ እናቷ እንደዚያ ነው ያሳደገቻት። መንገዱን ስትመርጥ ይህን ማሰብ የነበረብህ አንተ ነህ።»

«ማሊያዋ የልጅዎ ናት እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የማን እንደሆነች መቼ ጠየቅሁህ?» አልኩት።

«እሺ፣ ደግመው ይሩጡ። ግን ላሊበላ ላይ ቤተ ክርስቲያን የማያልፍ መንገድ እርስዎ ይፈልጉልኝ።»

እውነቱን ነው። ሁለታችን ቆመን መንገዱን ሁሉ በጣታችን ቆጠርን፤ በየት በኩል ቢወጡ ደጅ አለ። በመጨረሻ ቁልቁል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደውን አስፋልት አገኘን።

ቤት ገብቼ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያዋን አስቀመጠችና አየችኝ።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው አላየም። አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው።»

«ለዚህ ነው የነገርኩት።»

ከዚያ በኋላ «እራትዎ ቀርቧል» አለችኝ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ አንቺ ነው የምትለኝ። ያን ዕለት አንቱ ሆንኩ።

በሩጫው ቀን ባቄላውን ለግብ ጠባቂዋ ሰጠኋት፤ እኔ መዞሪያው ላይ መቀመጥ አልፈለግኩም። የገበሬዋ ልጅ ከመነሳታቸው በፊት ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ይታየኛል። እሱንስ?»

«በልብሽ ተሳለሚው። እግርሽን ግን አታቁሚ።»

«እሺ» አለች። ሲነሱ የኔዋ ወደ እኔ አልዞረችም።

አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ቆመው አዩ። ሲመለሱ የገበሬዋ ልጅ ከፊት ነበረች፤ የኔዋ ከኋላዋ፣ የአንዲት ጎጆ ወርድ ያህል ርቃ። ልቤ ለማን እንደሮጠ አልደብቅም፤ ለኔዋ ነው የሮጠው። ግን አልደረሰችባትም። አሠልጣኙ ስልኩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የልጅ ልጄ ከቦርሳዋ ማሊያውን አወጣች። አጣጥፋ አልነበረም የያዘችው፤ ጠቅልላ። ለልጅቱ ሰጠቻትና «ገና እርጥብ ነው» አለቻት።

መስከረም አልፎ ቡድኑ ለመጀመሪያው ጨዋታ የሚሄድበት ቀን መጣ። ሚኒባሱ ጠዋት በጋሸና በኩል ሊወጣ ቆሟል። የልጅ ልጄ ልሸኛቸው አልሄድም ብላ ነበር፤ ሆኖም ቀድማኝ ደርሳ አገኘኋት። ጥግ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ቆማ፣ ሊነሱ ሲሉ የገበሬዋ ልጅ ወደተቀመጠችበት መስኮት ሄደች።

«ስሚ፣ ኳሷ ከኋላሽ ስትመጣ ወደ ውስጥ አትዙሪ። ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ትዞሪያለሽ። ወደ መስመሩ አውጫት።»

«እሺ» አለች ያቺ፤ ከዚያም «አንቺ ብትኖሪ ደስ ይለኝ ነበር» አለቻት። ሚኒባሱ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ሄደች፤ ዳገቱ ላይ ስደርስ ግን ቆማ ጠበቀችኝ።

«ልክ ነሽ» አለችኝ። «ግን ተቀይሜሻለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። እስኪወጣልኝ።»

ጥምቀት እስኪያልፍ አልወጣላትም። የግራ ተከላካይዋ ማሊያም በኋላ አልተመለሰችላትም። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ተወዳደረች፤ ተጠባባቂ ሆና ሁለት ጨዋታ ገባች፤ ከዚያ ትምህርቱ በዛባትና ተወችው። ዛሬ ወልዲያ ናት፤ ነርስነት ትማራለች። አሠልጣኙም ወደ አገሩ ከተመለሰ ቆየ። አሁን የሚለማመዱትን ልጆች በስም አላውቃቸውም፤ እነሱም ባቄላ አይዙም።

ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ፣ አሁንም ሄጄ እናገራለሁ። የሚቆጨኝ ዝም ያልኩባቸው ሁለት ቀናት ናቸው። ግን ነሐሴ ሲያልቅ፣ ጉሙ ደጃችን ሲደርስ፣ ቤቱ ዝም ይልብኛል። የሷ ኩርፊያ እንዲህ ዓይነት ዝምታ አልነበረም። ሳህኑ ሲቀመጥ ይሰማ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ይሰማ ነበር፤ ከመደቡ ላይ ሆና ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትተነፍስ እንኳ ይሰማ ነበር። መልሳ ብትመጣና አንድ ክረምት ሙሉ ብታኮርፈኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር እራቷን የማቀርብላት።