የአክስቴ ነጭ ጥፍሮች

ባለፈው እሑድ የልጄን ጥፍር ስቆርጥ አውራ ጣቷ ላይ ነጭ ነጥብ አየሁ። "እማዬ፣ ቁረጪው እንጂ!" እስክትለኝ ድረስ ሐሳቤ ያደግኩባት ዲላ ነበር።

ጥፍሩ ላይ ነጭ ነጥብ የወጣበት ሰው አዲስ ልብስ ይገዛለታል ብላ ያስተማረችኝ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ትምህርቷን ልትጨርስ ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ትኖር ነበር። ዝናቡ አባርቶ ከጓሮ የእርጥብ እንሰት ሽታ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጣቶቼን እያገላበጠች ታያለች። "ይቺ ቀሚስ ናት፤ ይቺ ደግሞ ጫማ" ትለኛለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጥፍር ቀለሟን ስታስለቅቅ አጠገቧ ነበርኩ። ቀዩ ሲለቅ ጥፍሮቿ በሙሉ ወረቀት መስለዋል። ደስ አለኝ።

"እማዬ ነይ እይ! ለአክስቴ ሱቁ በሙሉ ሊገዛላት ነው!"

እናቴ እየሳቀች መጣች። የአክስቴን እጅ ስታይ ሳቋ ጠፋ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምንም አልሆንኩም እትዬ፣ ድካም ነው።"

"ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ።"

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ደም ማነስ ነው ተባለና አስተኟት፤ ደምም ተሰጣት። እኔ ፈርቼ ጣቶቼን ለነርሷ ዘረጋሁላት። "ያንቺ ስትጫወቺ ተመትቶ ነው፣ እያደገ ይወጣል" አለችኝና ጉንጬን ነካ አደረገችኝ።

ምክንያቱን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። የወር አበባዋ አልቆም እያላት አፍራ ለማንም ሳትናገር ከርማ ኖሯል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይሰበራል፤ "አንድ ቤት እየኖርን!" ትላለች።

አክስቴ ከሆስፒታል ስትወጣ እናቴ ጉበት እየጠበሰች እንደ ሕፃን ታጎርሳት ነበር።

"በቃኝ እትዬ፣ ሽታው አስጠላኝ!"

"ይቺን ብቻ፣ በሞቴ።"

ቀስ በቀስ ፊቷ ወዛ፤ ደረጃ ስትወጣ ማለክለኳ ቀረ። ትምህርቷን ጨርሳም ፍስሐ ገነት ከተማ ሱቅ ላለው ሰው ተዳረች። ሙሽሮቹን የያዘው መኪና ጭቃውን እየረጨ ሲሄድ ሁሉም ያጨበጭባል፣ እናቴ ታለቅሳለች።

በዚያ ምሽት እናቴ "ዛሬ ከእኔ ጋር ተኚ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። ከአክስቴ ጋር እጋራው የነበረው አልጋ ላይ ወጥቼ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁና ቦታዋን ለቅቄላት ተኛሁ።